ፍሬኑን ሳልይዝ

የጎማ ማጣበቂያ ሲሸተኝ ጎማው በየጊዜው ይለጠፍ የነበረው የአጎቴ ዊልቸር ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አጎቴ ሁለት እግሩን ጦር ግንባር ላይ አጥቶ አዳማ እኛ ቤት ገባ። መውጣት ይወድ ነበር። እናቴ ግን «አንድ ቀን ወድቀህ ብትመጣ ሁለተኛ ከዚህ በር አትወጣም» አለችው።

አንድ ጠዋት ወደ ገበያ እየገፋሁት ቁልቁለቱ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ መጡ። ትልቅ ሰው በአንድ እጅ መጨበጥ ነውር ነው። እጀታውን ለቅቄ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። ዊልቸሩ ቁልቁል ተንደረደረ። አጎቴ ጎማዎቹን በመዳፉ አንቆ ቦዩ አፍ ላይ አቆመው። መዳፉ ተላጠ።

ሮጬ ስደርስ «መጀመሪያ ፍሬኑን ያዢ፤ ሰላምታው ይደርሳል» አለኝ ቀስ ብሎ። «እሳቸው እግር አላቸው፣ ቆመው ይጠብቁሻል። እኔ ያለኝ ጎማ ነው።»

ቤት ስንገባ እናቴ መዳፉን አየች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የበሩ ቆርቆሮ ላጠኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። አቀረቀርኩ።

በማግስቱ የቆርቆሮውን ጠርዝ በመዶሻ ስታጥፍና በምስማር ስትመታ አረፈደች። እኔም ምስማር አቀበልኳት።

የመዶሻው ምልክት ዛሬም በሩ ላይ አለ። እናቴ ስታልፍ በእጇ ትዳብሰዋለች፤ እኔም እስካሁን አልነገርኳትም።