ሆድ አደሩ የመስታወት መምህር

ኦርቪል ሩድ በሰሜን ዳኮታ፣ ስንዴና ነፋስ ብቻ በሞላባት አንዲት ትንሽ ከተማ አራተኛ ክፍል ያስተምራል። ቁመናው ያማረ ነው፤ ወኔ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ሦስት ዓመት በጊዜያዊ ኮንትራት ሠርቶ፣ ዘንድሮ ቋሚ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ዳይሬክተሯ ሚስስ ክሊምፐል አንድ ቀን ክፍሉ ገብታ በምትሞላው ቅጽ ነበር። የቤት ዕዳ አለበት፣ ሚስቱም እርጉዝ ናት። እስከዚህ ድረስ ማንም ያዝንለታል።

ለዚያ ቀን ያዘጋጀው ትምህርት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። ፊትና ደረት ብቻ የሚያሳይ መስታወት ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ ሰቀለ። ልጆቹ ተራ በተራ ፊት ለፊቱ ቆሙና፣ ከታች የመጨረሻ የታያቸው ቦታ የቱ እንደሆነ ሸሚዛቸው ላይ ፕላስተር ለጠፉ። ወደ ኋላ ብትሄዱስ ከፕላስተሩ በታች ይታያችኋል ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሁሉም አዎ አሉ። ሄዱ፤ አልታያቸውም፤ ይህንኑ ወረቀታቸው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ታሪን የምትባል የከብት ነጋዴ ልጅ እስከ በሩ አፈግፍጋ ሞከረችው። ብርሃኑ በመጣበት ልክ ነጥሮ ስለሚመለስ ነው፣ ወደ ኋላ ብርቅም ያው ነው አለች። ይህን ማንም አልነገራትም።

ሚስስ ክሊምፐል ከኋላ ወንበር ሳቀች። ይህች ሴት ዳይሬክተር የሆነችው ስብሰባ ላይ ባለማንቀላፋቷ ብቻ ነው።

«ልጆች፣ ራቅ ስትሉ እኮ የበለጠ ይታያችኋል። እኔ ጠዋት ጠዋት ቤቴ የማደርገው እሱን ነው።»

ታሪን የፕላስተሩን ጥቅል ዘረጋችላት። «እስቲ ይሞክሩት።»

ዳይሬክተሯ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ዞር ብላ ሩድን፣ «ተሳሳትኩ እንዴ?» አለችው።

ሰውየው በዋዜማው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሞክሮታል። ጠንቅቆ ያውቃል። ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ትክክል ነዎት፤ ልጆቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም መሰለኝ» አለ። ከዚያም የጻፉትን በላጲስ እንዲያጠፉ አዘዘ። ታሪን ለምን ስትለው ቁጭ በይ አላት። ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ፈገፈገችው።

ሚስስ ክሊምፐል ቅጹ ላይ «ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲመራመሩ ያደርጋል» ከሚለው ጎን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብላ ሞላች። ምርምር ምን እንደሆነ የምታውቀው እንግዲህ እሷ ናት። በሳምንቱ ሩድ ቋሚ ኮንትራቱን ፈረመ፤ ሚስቱንም ስቴክ ጋበዛት።

በማግስቱ ደረቱን ነፍቶ ገባ። መጋረጃውን ዘግቶ የእጅ ባትሪ አበራ፤ ብርሃኑን መስታወት ላይ አንጥሮ ግድግዳው ላይ አሳረፈው። ያየ ሁሉ የሚያየው፣ ቁልጭ ያለ ነጭ ክብ። የት እንዳረፈ ጻፉ አላቸው።

ሃያ ሁለቱም ልጆች እርሳሳቸውን ይዘው የሩድን ፊት ያያሉ። ግድግዳውን የሚያይ የለም። ጻፉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ ብሎ ተቆጣ።

ታሪን እጇን አወጣች። ለማሾፍ አልነበረም፤ ከልቧ ነበር።

«ሚስተር ሩድ፣ የት አረፈ ብለን እንጻፍልዎት?»