በመስታወቱ ላይ ተገልብጦ ያየሁት ፊት

ባለፈው ሳምንት ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ላሰጣ ሳጥን ስከፍት፣ ከሥር ተጣጥፎ የተቀመጠው ጥቁር ጨርቅ እጄ ላይ መጣ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ማስቲሽና የወንዝ ዳር ጭቃ ሸተተኝ። ስንቴ ታጥቦም አልለቀቀውም። ያ የጁባው ቀን መጣብኝ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ነጎድጓድ ስሰማ አልጋ ሥር የምገባ ልጅ ነበርኩ። እንደዚያን ቀን የፈራሁበት ጊዜ ግን የለም።

ጁባ የአዲስ ነጻ አገር ዋና ከተማ ልትሆን አንድ ዓመት ያህል ሲቀራት ነው። ታላቅ ወንድሜ ጁባ ገበያ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው፤ እኔም ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከአዲስ አበባ ሄጄ አብሬው እሠራ ነበር። ሥራችን ጉርድ ፎቶ ነው። በዲጂታል እናነሳለን፣ ጄኔሬተር አስነስተን እናትማለን። አንድ ቀን የአገራችን ሰው የሆነ ጅምላ ነጋዴ መጋዘኑን ሲያጸዳ ያገኘውን ትልቅ የእንጨት ካሜራ አምጥቶ፣ "ውሰደው፣ አንተ ታውቅበት እንደሆነ" ብሎት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ሌላ ሰው ሆነ። አኮርዲዮን የሚመስለውን ታጣፊ ቆዳ አይጥ በልቶታል፤ ከኋላ ምስሉ የሚያርፍበት መስታወት ተሰብሯል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ካሜራው ሆድ ውስጥ ባትሪ እያበራን፣ ብርሃን የሚያፈሰውን ቀዳዳ ሁሉ ከአሮጌ ጃንጥላ በቀደድነው ጨርቅና በማስቲሽ ደፈንን። ከጋራዥ ለምኖ ባመጣው ሻካራ ቅባት የመስኮት መስታወት ሲፈትግ ይውላል፤ ድምፁ ጥርሴን ያንቀጠቅጠኝ ነበር። በመጨረሻ መስታወቱ እንደ ጉም ነጣ፤ በተሰበረው ቦታ ገጠምነው። ካሜራው ላይ ከደረብነው ጥቁር ጨርቅ ሥር ራሴን ሳስገባ መንገዱ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ሙዝ ሻጯ፣ ሁሉም ተዘቅዝቀው ታዩኝ።

"ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ በራሱ ቆሟል!"

"ትለምጂዋለሽ" አለኝ።

እኔ ለመድኩት፤ እንዲያውም የወንድሜ ዓይን ስለደከመ ምስል ማጥራቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ከአዲስ አበባ ያስመጣው ጊዜው ያለፈበት ፊልም ግን በሙከራ አልቆ፣ አንድ አንድ ፎቶ የሚወጣባቸው ሁለት ብቻ ቀሩን።

እነዚያን ሁለቱን የጠየቁን፣ ማንጋቴን በሚባለው ሰፈር ከቤታችን ጎን የሚኖሩ እናት ነበሩ። ኢትዮጵያ መጠለያ ጣቢያ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚጣፍጥ ሴት ናቸው። ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ጦርነቱ ሲወስድባቸው የአንዳቸውም ፎቶ አልነበራቸውም።

"የባሌ ፊት እየጠፋኝ ነው" ይሉኝ ነበር። "አፍንጫው ይመጣልኛል፣ ዓይኑ እምቢ ይላል።"

የቀራቸው አንድ ልጅ ወደ ሰሜን በሚሄድ የጭነት ጀልባ ላይ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። የስልክ ፎቶ ከስልኩ ጋር ይጠፋል፤ የእኛ ማተሚያ የሚያወጣው ደግሞ በጁባ ፀሐይ ዓመት ሳይሞላው ይነጣል። "በዚህ በትልቁ አንሱን" አሉ። ወንድሜ እሺ አለ።

ከቀጠሯችን በፊት ጀልባው ዛሬ ይነሳል ተባለ። ልጁ ከወንዙ ወደብ ንቅንቅ ማለት አይችልም። በዚያ ዘመን ጁባ ውስጥ አደባባይ ላይ ካሜራ ማውጣት፣ ያውም ወደብ ላይ፣ ያውም በወታደር የሚጠበቀው ድልድይ እየታየ፣ ራስን ለእስር ማቅረብ ነበር። ሰው ሲወሰድ አይቻለሁ። "ይቅርብን" ብዬ ለመንኩ። ወንድሜ የካሜራውን እግር ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ምን ላድርግ፣ ተከተልኩት።

ወደቡ ናፍጣና ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እናትና ልጅ ጀልባው ፊት ቆሙ። ከጨርቁ ሥር ገባሁ። ጨለማው ውስጥ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ነው። ልጁ ጠርቶ ታየኝ፤ ግን ከንፈሩ ወደ ታች ታጥፎ የሚያለቅስ መሰለኝና ደነገጥኩ። አንገቴን አጣምሜ ባየው ለካስ እየሳቀ ነው። ወዲያው ከኋላው አንድ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ተዘቅዝቆ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ።

ከጨርቁ ሥር ወጣሁ። "ጋሼ፣ ወታደር!"

"ፊልሙን አምጪ" አለ ዞር ሳይል።

የፊልሙ መያዣ በሁለት ፊቱ አንዳንድ ፊልም ይይዛል፤ እያንዳንዱ ሳንቃ በሚመስል መከለያ ይሸፈናል። የመከለያው ራስ አንድ ጎኑ ነጭ፣ አንድ ጎኑ ጥቁር ነው። ፊልሙ ንጹሕ ከሆነ ነጩ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ከተነሳበት ደግሞ ጥቁሩ። ወንድሜ መያዣውን ካሜራው ውስጥ አስገብቶ አንዱን መከለያ ሳበ፤ የሌንሱን ክዳን አነሳና ቀስ ብሎ መቁጠር ጀመረ። እሱ እየቆጠረ ወታደሩ ጮኸ። እናትየው አልተነቃነቁም። ልጁ ግን ዞረ። ክዳኑ ተመለሰ፤ እኔም መከለያውን በጥቁር ራሱ አስገባሁት።

"ዴ ሹኑ?" አለ ወታደሩ፣ ምንድን ነው ይሄ እያለ። በሦስት እግር ቆሞ ጥቁር ጨርቅ የለበሰውን ካሜራ ከሩቅ መሣሪያ አድርጎት ነው የመጣው። ዞሮ ከኋላው ፎቶ የሚታይበትን ስክሪን ፈለገ፤ አጣው።

"ፎቶው የታለ?"

"ገና ነው፣ መታጠብ አለበት" አለው ወንድሜ።

"ጃሱስ! ክፈተው!" ሰላይ ናችሁ ማለቱ ነው። የጠመንጃው አፍ ወደ ደረቴ ዞረ። እናትየው በአረብኛ ይለምናሉ። ፊልም ፀሐይ ካየ አለቀለት።

ወንድሜ መያዣውን ቀስ ብሎ ገለበጠና የነጩን ራስ መከለያ ሳበ። ንጹሑ ፊልም ፀሐይ ላይ ተገለጠ። ወታደሩ በጥፍሩ ፋቀው። ከዚያ ጣቱ ወደ ሌላው ፊት ሄዶ ፎቶው ያለበትን ጥቁሩን ራስ ነካ። የጀልባው ጥሩምባ ጮኸ፣ ወታደሩንም አለቃው ጠራው። "ማፊ ሃጃ" አለ፣ ምንም የለውም፤ በአሮጌ ዕቃችን ስቆ ሄደ። ልጁም በዚያው እናቱን አቅፎ እየሮጠ ተሳፈረ። ደግመን እንዳናነሳው ሁለተኛው ፊልም ተቃጥሏል።

ሙቀቱ ፊልሙን እንዳያሟሟው ከዓሣ ሻጮች በረዶ ገዝተን፣ በተጋረደው ክፍል ውስጥ አጠብነው። እናትየው ጥርት ብለው ወጡ፤ የአንገታቸው ጨሌ እንኳን አንድ በአንድ ይታያል። ከጎናቸው ከልጁ የሚታየው ጆሮና አንገት ነው፤ ፊቱ ባለበት ቦታ ደግሞ ጭጋግ ነው።

ወንድሜ ፎቶውን ሲሰጣቸው ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሳቸው ጭጋጉን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ አታልቅሺ" አሉኝ እኔን። "ድምፅ ሲሰማ መዞር ከሕፃንነቱ ያለበት ነው። በስደት መንገድ ተኩስ ሲሰማ እየዞረብኝ በጆሮው ነበር የምጎትተው። እሱ ነው፣ ልጄ ነው።"

ልጁ አልተመለሰም። ከነጻነቱ በኋላ ያ አገር እንደገና ሲታመስ ወሬው ጠፋ። ወንድሜም አሁን በሕይወት የለም፤ ካሜራው የት እንደገባ አላውቅም፤ የቀረኝ ይህ ጨርቅ ነው። እናትየው ግን አሁንም አልፎ አልፎ ከጁባ ይደውላሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። ከዚያ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠበቅ አደርጋለሁ።

"አንቺ አይተሽዋል አይደል፣ ሳይዞር በፊት?" ይሉኛል።

"አይቼዋለሁ፣ እማማ።"

"እንዴት ነበር?"

"እየሳቀ ነበር" እላቸዋለሁ።