በርበሬ የተጠቀለለበት ጽሑፍ

ዘይኑዲን ከወሎ መርካቶ ሲገባ አማርኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ፊደሉን ከሱቅ ማስታወቂያና ከጋዜጣ ቁራጭ ለቀመው። ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና፣ ከዚያም ኮምፒውተር፣ ሁሉንም ብቻውን ተማረ። «አላህ ጣቴን አስተማረልኝ» ይላል ሲጠየቅ።

በ2006 ዓ.ም. አውቶቡስ ተራ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ማመልከቻና የተማሪ ጽሑፍ ይተይብ ነበር። ደንበኞቹ ወረቀታቸው የት እንዳለ ሲጠየቁ «ዘይኑ ጋ አለ» ይላሉ። ይህን ሲሰማ ልቡ በምስጋና ይሞላ ነበር።

መጋቢት ላይ ስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ አለ። መዝገበ ቃላት ይዞ አነበበው፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ድጋፍ አያገኝም ይላል። ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ሁዛይፋ ወጣ።

«ሞተ ማለት ነው?»

«አይሞትም ጋሼ ዘይኑ፣ ይሠራል። ግን ሌባ በሩን ቢሰብር የሚጠግንልዎ የለም። ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ይገልብጡና አዲሱን ልጫንልዎ። እስከዚያ የሰው ፍላሽ እንዳይሰኩ።»

«የአማርኛ መጻፊያዬስ?»

«የድሮው አዲሱ ላይ እንቢ ሊል ይችላል። ሌላ እጭንልዎታለሁ፤ የፊደሎቹ ቦታ ግን ይለያል። በሁለት ሳምንት ይለምዱታል።»

«ሁለት ሳምንት ሰው ፊት ቁጭ ብዬ "ሀ" የት አለች እያልኩ ልፈልግ?»

«እኔ እፈልግልዎታለሁ» ብሎ ሳቀ ሁዛይፋ።

ዘይኑዲን አልሳቀም። ወርዶ ተቀመጠ። መልእክቱ እንደገና ብቅ ሲል ከሥሩ «ዳግመኛ አታሳየኝ» የሚል ትንሽ ሳጥን አየ። ምልክት አደረገበት።

በዚያው ሰሞን ሪሐና የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ስልሳ ሁለት ገጽ ነው፤ ስለ መርካቶ ተሸካሚዎች አነጋገር። አባቷ ጃፋር ሃያ ስድስት ዓመት ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው፤ ከቤቱ ኮሌጅ የሚጨርስ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ዘይኑዲን አንድ ምዕራፍ በተየበ ቁጥር የእጅ ጽሑፉን እንደ ልማዱ በርበሬ በረንዳ ለምትነግደው ለእትዬ ደብሪቱ ይሰጣል፤ በርበሬ ትጠቀልልበታለች። የተተየበ ረቂቅ መልሱልኝ የሚል ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም።

ግንቦት ላይ የአንድ ደንበኛ ፋይል አልከፈት አለው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ቫይረስ እንደገባ ተረዳ። ሰው እንዳይሸሽበት ዝም አለ። በሳምንቱ ሰኞ ሪሐና ልታሳትም ስትመጣ ጽሑፉ የተገለበጠበትን ፍላሿን ተቀብሎ ሰካው። ጽሑፉ ኮምፒውተሩም ላይ ፍላሹም ላይ ባዶ ሆኖ ተከፈተ። የምታስረክበው ዓርብ ነው።

«ፍላሽሽ ነው!» አለ ሳያስበው። «ቫይረስ ይዘሽብኝ መጣሽ።»

ልጅቷ ፍላሿን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ጃፋር ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ዘይኑ፣ ልጄ ዕቃህን አበላሸችብህ አሉ። አውፍ በለን፣ ይቅር በለን።»

ዘይኑዲን ከወንበሩ ተነሣ።

«ገንዘብ እንኳ የለኝም። ጀርባ ግን አለኝ። የሚጠግነው ሰው የት ነው? እኔ ልሸከምልህ።» ይህን ብሎ እንደ ሕፃን ልጅ ተጠንቅቆ ማሽኑን አቀፈና ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ዘይኑዲን ከኋላው ተከተለ። መሐል ላይ ሲደርሱ የጃፋርን ትከሻ ያዘ።

«ጋሼ ጃፋር፣ ያስቀምጡት። ሪሐና የለችበትም። እኔ ነኝ።»

ምልክት ያደረገባትን ሳጥን፣ ዝምታውን፣ ውሸቱን፣ ሁሉንም ነገረው። ጃፋር ማሽኑን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ላቡን ጠረገ።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ በመጨረሻ። «ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰችው እሷ ናት። ሂድ ለእሷ ንገራት።»

ሄዶ ነገራት።

«እኔ እኮ እጄን ስረግም ነበር ጋሼ ዘይኑ። ረቂቄስ የት አለ?»

አንገቱን ደፋ። «በርበሬ በረንዳ።»

«አንተ ዘይኑ!» ብላ ጮኸች እትዬ ደብሪቱ ሲነግሯት። «የሰው ልጅ ዲፕሎማ ነው እንዴ እንዲህ ስጠቀልልበት የከረምኩት?» ከመደርደሪያው ሥር አርባ አንድ ገጽ ወጣ፤ አንዳንዱ ቀልቷል። ሪሐና በተነፈሰች ቁጥር ታስነጥሳለች። «ይማርሽ! ጥሩ ትምህርት ነው፣ ያቃጥላል» አለች ደብሪቱ።

የጎደለውን ሪሐና ከራሷ አስታወሰች፤ የጠፉትን የተሸካሚ ቃላት ጃፋር ሞላ። ሁዛይፋ የዘይኑዲንን ማሽን ከቫይረሱ አጽድቶ አዲሱን ሲስተም ጫነበት። ዘይኑዲን በፈራው ሁኔታ፣ ሰው ፊት፣ በአንድ ጣት ፊደል ሲፈልግ ሰነበተ።

«"ሸ" እዚህ ጋ ናት» ትለዋለች ሪሐና።

ዓርብ በስድስት ሰዓት አስረከበች። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘይኑዲን ከሰጋጁ ሁሉ ኋላ ቀርቶ ቁጭ አለ። ይቅር ብላዋለች፤ ጃፋርም ይቅር ብሎታል። እሱ ግን ሰውዬው ማሽኑን አቅፎ የወጣበትን ደረጃ ከዓይኑ ማውጣት አልቻለም።

ሐምሌ ላይ ጃፋር ተጠርዞ መጽሐፍ የሆነውን የሪሐናን ጽሑፍ ይዞ መጣ። «ዘይኑ ጋ ይቀመጥ ብላለች።»

ዘይኑዲን እጁን አልዘረጋም።

«ሌላ ቅጂ ቤት አላችሁ?»

«አለን።»

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ ስልህ!»

ያኔ በሁለት እጁ ተቀበለው።