የመምህርቷ የግራ ጫማ

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሚስማሬ ነው የሚሉት። ጫማ ሰሪ ነው፤ ሲሰራ ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሮቹ መካከል ይይዝና አንድ በአንድ እያወጣ ሶሉ ላይ ይመታቸዋል። ይህንንስ የትኛውም ጫማ ሰሪ ያደርገዋል። እሱን የሚለየው፣ መመለስ የማይፈልገው ጥያቄ ሲመጣበት የሚመታ ሶል ባይኖርም ሚስማር ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ መክተቱ ነው። «ጫማዬ መቼ ይደርሳል?» ሲሉት ሚስማር። «ባለፈው ሳምንት ይደርሳል ብለኸኝ አልነበር?» ሲሉት ደግሞ ጭማሪ ሚስማር። ደንበኞቹ ለምደውታል፤ አፉ ከሞላ ጫማቸው ገና እንዳልተነካ ይገባቸውና ስቀው ይሄዳሉ።

መዳፏን ዘርግታ «ትፋ» የምትለው ሚስቱ ብቻ ነበረች። እሱም እንደ ልጅ መዳፏ ላይ ይተፋና የተጠየቀውን ይመልሳል። መምህርት ነበረች፤ ሰፈሩ ዳር ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንቱን ፊደል አስቆጥራለች።

የተዋወቁትም በጫማ ነው። ያኔ ሱቁን ከከፈተ ብዙም አልቆየም። አንዲት ወጣት ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ምስጢር ትጠብቃለህ?» አለችው።

አፉ ሚስማር ስለነበረበት ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም እግሮቿን አሳየችው። የግራው ከቀኙ አጠር ይላል። በልጅነቷ እኩዮቿ ከኋላዋ ተሰልፈው አረማመዷን እያስመሰሉ ቤቷ ድረስ ይሸኟት ነበር። አሁን በመምህርነት ልትቀጠር ነው፤ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ከኋላዋ እንዲያነክስባት አልፈለገችም። «ማንም እንዳያውቅ አድርገህ ስራልኝ» አለችው።

ሚስማሬም ከፍታውን ከውጪ ሳይሆን ከውስጥ፣ ተረከዙ የሚያርፍበት ላይ ቆዳ በቆዳ እየደረበ ሰራው። ከላይ ለሚያያቸው ሁለቱ ጫማዎች መንትያ ናቸው፤ ካልተነሱ በስተቀር የግራው መክበዱ አይታወቅም። አድርጋው ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ቀጥ ብላ ተራመደች። ሳቀች። ያ ሳቅ ለእሱ ጉድ ሆነበት፤ ዋጋው ስንት ነው ስትለው ሚስማር አፉ ውስጥ ከተተ።

«ትፋ» አለችው መዳፏን ዘርግታ። ነገራቸው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያደረገቻቸውን ጫማዎች ሁሉ የሰራላት እሱ ነው። ፎርማውን፣ ማለትም ቆዳው ተወጥሮ የእግር ቅርጽ የሚይዝበትን እንጨት፣ ለእሷ ብሎ በእጁ ጠርቦት ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉም አልቀየረውም። ቤት ውስጥ እንዳሻት እያነከሰች ትንጎራደዳለች። ከበር ውጪ ግን ምስጢሩን የሚያውቁት እሱና አንዲት ልጃቸው ብቻ ነበሩ፤ ቢያንስ እሱ የሚያውቀው እንዲህ ነበር።

አዲስ ጫማ ባደረገች ቁጥር «ይመችሻል?» ይላታል።

«እንደ ጥጥ ነው» ትለዋለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግራ ጫማዋ ሶል አፉን ከፈተ። ሁለቱንም ሱቁ ድረስ አመጣችለትና መደርደሪያው ላይ አኖረቻቸው። «መንገድ ማዶ ደርሼ ነው የምመለሰው፤ በነጠላ ጫማ ብሄድ ማን ያየኛል?» አለች። እሱም ምን ይበል፣ እሺ አለ።

ከምሳ ጋር የጀመረውን መጠጥ ሲጨልጥ የቆየ አንድ ሰው በዚያው ሰዓት መኪናውን አስነሳ። እሷ ስትመለስ ዜብራው ላይ ነበረች። ሰውየው ፍሬን እንኳ አልያዘም። ሚስማሬ ጩኸቱን ሰምቶ ሲወጣ አንድ ነጠላ ጫማ አስፋልቱ ላይ አየ፤ የእሱ ሥራ ያልሆነ ጫማ እግሯ ላይ የዋለው በዚያ ቀን ብቻ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርሱ አለፈች።

የሰውየው መስከር አላከራከረም፤ ፖሊስ እዚያው ትንፋሹን መርምሮታል። ያከራከረው ሌላ ነው። የሰውየው ጠበቃ «ሟችም ሰክራ ነበር፤ እየተንገዳገደች መኪናው ፊት ገባችበት» አለ። ምስክርም አቀረበ፤ ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ የሚጠብቅ ዘበኛ። ጨዋ ሰው ነው፤ ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳያባብለው «እየተንገዳገደች ስትሻገር አይቻለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የእሷን ደም ደግሞ ያኔ የመረመረው የለም፤ ማንስ ሊጠረጥር። ዕድሜዋን ሙሉ መጠጥ ወደ አፏ ያላስጠጋች ሴት፣ ስንቱን ልጅ ለወግ ያበቃች መምህርት፣ ሰካራም ተብላ በመዝገብ ልትቀር ሆነ። ሚስማሬ ሞቷን ገና አልቀበል ብሎ ሲታገል ይህኛው ተጨመረበት፤ አላስቀምጥ አላስተኛ አለው።

ልጁ ናት ወስዳ ከአንድ የጠበቆች ቢሮ ያገናኘችው። በመኪና አደጋ ሰው ለሞተባቸው ቤተሰቦች ያለ ክፍያ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምታ፣ እሱ «እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጠበቃ ያለኝ ሰው ሆንኩ!» እያለ ሲያጉረመርም በግድ ጎትታ አመጣችው። ቢሮው ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ የወንበሮቹ እግር ይነቃነቃል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ቆሟል። ሚስማሬ እንደ ልማዱ ከሰው ፊት በፊት ጫማ አየ። የጠበቃዋ ታኮ በውጪ በኩል ተበልቶ አልቋል። ብዙ ትራመዳለች፣ ለራሷ ጊዜ የላትም ሲል ገመተ፤ ልቡም ትንሽ ረጋ አለ።

እሷም እንደገመታት ሆና ተገኘች። ዜብራው ድረስ ሄዳ ቆመች፣ ዘበኛውን አነጋገረች፣ ሱቁም መጣች። ሚስማሬ ወንበሩን በክንዱ ጠርጎ አስቀመጣት።

«ጋሼ፣ ዘበኛው ውሸታም አይመስለኝም» አለች። «ስትወዛወዝ አይቷታል። ለምን እንደተወዛወዘች ነው ያልገባኝ።»

ሚስማሬ ሚስማር አፉ ውስጥ ከተተ።

ጠበቃዋ ዓይኗን መደርደሪያው ላይ አሳረፈች። ከተሰበሰበው የወንድና የልጅ ጫማ መሃል አንድ ጥንድ የሴት ጫማ ለብቻው፣ በንጹህ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። «የእሷ ነው?» ብላ አንዱን አነሳች፤ ከዚያ ሌላውን በሁለተኛ እጇ አነሳች።  አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጋ መዘነች። ሚስማሬ ያያት ነበር፤ ምስጢሩ በሰው እጅ ላይ መውደቁን አወቀ፤ ከዓይኑ እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ ሚስማሩን ግን አልተፋም።

ጠበቃዋ ጫማዎቹን እንደነበሩ መልሳ አኖረቻቸው።

«ይህ የእርስዎና የእሷ ጉዳይ ነው» አለች። «እርስዎ ካልፈቀዱ አንድ ቃል አይወጣኝም። ዜብራው ላይ እንደነበረች፣ ሰውየው እንደሰከረ እከራከራለሁ። የመወዛወዙን ነገር ግን ያለዚህ መመለስ አልችልም። እሱን ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ከሄደች በኋላ ሚስማሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ሶል እንኳ አልመታም። ቃሉን የሰጣት በሕይወት እስካለች ድረስ ብቻ አልነበረም፤ ሞተች ተብሎ ቃል አይፈርስም። ቢናገር ሰው በተሰበሰበበት «አንካሳ ነበረች» ሊል ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ሰካራም ሆና ትቀራለች። ገበታው ላይ ተቀምጦ ምግቡን ሳይነካ ሲያይ ልጁ አይታው ነገሩ ገባት።

«አባዬ፣ እማዬ አንካሳ መባል አትወድም ነበር» አለችው። «ሰካራም መባልንስ ትወደው ነበር?»

በማግስቱ ጫማዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠበቃዋ ቢሮ ወሰዳቸው። የችሎቱ ቀን የፍርድ ቤቱ መተላለፊያ በሰው ተሞላ። የመምህርቷ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ጎልማሳው፣ ወጣቱ፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ወሬውን ሰምተው መጥተዋል። ሚስማሬ እነሱን ሲያይ ይብስ ተጨነቀ፤ ምስጢሩን ከሰው ሁሉ ይልቅ የደበቀችው ከእነሱ ነበርና። በሩ ሊከፈት ሲል ጠበቃዋ ዞር ብላ ብታየው ጉንጩ ተወጥሯል። የኮቱ ኪስ ውስጥ ሚስማር ይዞ መጥቷል ለካ።

ልጁ መዳፏን ዘረጋች። «ትፋ» አለችው።

ቃሉ ያው፣ ድምፁም ያው የእናቷ። ተፋው።

ጠበቃዋ መጀመሪያ ዘበኛውን ጠየቀችው። «የተንገዳገደችው እንዴት ነበር? ቢያሳዩን?»

ዘበኛው በእጁ አሳየ፤ ዝቅ፣ ቀና፣ ዝቅ፣ ቀና።

«ወደየት ነበር የምታዘነብለው?»

«ወደ ግራ።»

«ወደ ቀኝስ?»

ዘበኛው አሰበ። «ወደ ቀኝስ አላየሁም። ሁሌም ወደ ግራ ነበር።»

ከዚያ ሚስማሬ ተጠራ።  የሚስቱን እግር፣ የደረበውን ቆዳ፣ የዚያን ቀን ለምን በነጠላ ጫማ እንደወጣች አንድ በአንድ ተናገረ። ዳኛዋ ሁለቱን ጫማዎች ተቀብለው በግራና በቀኝ እጃቸው ያዟቸው፤ የግራ እጃቸው ዝቅ አለ።

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?» አሉት።

«ምስጢሩ የእኔ አይደለማ፣ ክብርት ዳኛ» አለ ሚስማሬ። «የእሷ ነው።»

 ዘበኛው ካለበት ተነስቶ ቆቡን አወለቀ። «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለ። «እንዲህ ከሆነ ግን ማነከስ ነው እንጂ መንገዳገድ አይደለም። ይታረምልኝ።» ሚስማሬ ይህን ሰው ስንት ቀን በሆዱ ሲረግመው ኖሮ በዚያች ደቂቃ ሄዶ ሊያቅፈው ቃጣው፤ ወደ ግራ ማዘንበሏን ልብ ብሎ ያየላት እሱ ብቻ ነበር።

ፍርዱ በተነበበ ቀን ጥፋቱ በሙሉ የአሽከርካሪው ሆኖ ሰውየው ወደ እስር ቤት ሄደ፤ ለቤተሰቡም ካሳ ተወሰነ። ሚስማሬ የጠየቀው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። መተላለፊያው ላይ ጠበቃዋን አስቁሞ «እስቲ ያቺን ደግመሽ አንብቢልኝ» አላት። አነበበችለት፤ ሟች ሰክራ እንዳልነበረች ተረጋግጧል ይላል። አሁንም ድገሚልኝ አላት፤ ደገመችለት።

«ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» አላት። «ልጅሽ ይውጣልሽ። ሌላ የምከፍልሽ የለኝም፤ ያንን የተበላ ታኮሽን ግን ነገ ይዘሽልኝ ነይ።»

እንዲህ ሲባባሉ ከተማሪዎቹ አንዷ ቀረብ አለች፤ አሁን ዳቦ ቤት ያላት ሴት ናት።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ እናውቅ ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«የቲቸርን እግር። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የግራ ጫማዋን ታወልቅ ነበር፤ ትንሿ ጣቷን ይጫናት ነበር መሰለኝ። ስታወልቀው ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። አንዱ ሊስቅ ሲል የክፍላችን አለቃ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ከዚያ ሁላችንም ተማማልን፤ ክፍል ስንቀይርም ለሚተኩን እየነገርን ነበር የምናልፈው። አንድም ቀን ማንም ከኋላዋ አላነከሰም።»

ሚስማሬ ሲጠብቀው የኖረውን ምስጢር አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ አብሮት ይጠብቅ ነበር። አለቀሰ፤ የደስታ እንባ መሆኑ ስለገባቸው ማንም አላባበለውም።

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላው ነገር ከነከነው። ጣቷን ይጫናት ነበር? ሱቁን ከፈተና ጫማውን አወረደ። እጁን ከተተ፤ በትንሿ ጣት በኩል ገበሩ ታሽቶ ለስልሷል። ፎርማውን አነሳ፤ እዚያው ላይ ገና ጎረምሳ ሳለ ከልኩ በላይ ጠርቦታል። ያንኑ ስህተት በእያንዳንዱ ጫማ ላይ ሲደግመው ኖሯል፤ እሷም የደከመበትን ሥራ ላለማጣጣል «እንደ ጥጥ ነው» እያለች አድርጋዋለች።

«አንቺ ሴት!» አለ ብቻውን። «ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያም ሳቀ። እሱ ሲጠብቃት ኖሮ ለካ እሷም ትጠብቀው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ አለ፤ ለእሷ ይሁን፣ ለልጆቹ፣ ለጠበቃዋ፣ እሱም አልለየውም። ፎርማው ላይ ቆዳ ለጥፎ አሰፋው፣ ጫማውን ወጠረበት፣ አፉን የከፈተውን ሶል ዘጋው። ማንም ለማያደርገው ጫማ የማይገባው ትጋት ነው፤ እሱ ግን አንድም ሚስማር አላሳነሰም።

በማግስቱ ጠበቃዋ መጣች። ጫማዋን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ታኮውን ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ሌላ ቦታስ? የሚጫንሽ፣ የሚነካሽ የለም?»

«ኧረ የለም፣ በጣም ይመቸኛል።»

ሚስማሬ መዶሻውን አስቀመጠና መዳፉን ዘረጋላት።

«ትፊ» አላት።

ጠበቃዋ ልጁ «ትፋ» ያለችው ቀን መተላለፊያው ላይ ነበረችና ሳቀች። ከዚያም ባዶ እግሯን ወደ እሱ አስጠግታ፣ አውራ ጣቷን እያሳየችው፣ የት ጋ እንደሚያማት ነገረችው።