ብርሃን ያላሳለፈው ክዳን

የልጅ ልጄ ትናንት አዲስ የማርከር እሽጓን ከፍታ፣ የሣለችውን አበባ ወረቀቱ እስኪላጥ ድረስ ላይ ታች፣ ግራ ቀኝ ስትፈገፍገው፣ ያ የቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ እሷ ሌላ ቀለም ካልተገዛልኝ ብላ ስትነጫነጭ እኔ በሐሳብ ወደ ልጅነት አገሬ ቆቦ ገብቼ ነበር።

በእኛ አገር ሙሽራ ይዛው የምትሄደውን መሶብ የባል ወገን ሴቶች ከሠርጉ በፊት መጥተው ይፈትሹት ነበር፤ ያን ቀን «ባለሙያ» ወይም «እጀ ሰባራ» የተባለች፣ ስሟ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ታላቅ እህቴ ይመኙሻል የሙሽርነት መሶቧ ክዳን ብቻ ሲቀራት፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የነከረችውን የስፌት ሣር፣ አክርማውን፣ እንዲለሰልስላት ሁሉንም ባንድ ገበቴ ውኃ ዘፍዝፋ ማሽላ ለሚወቁት ምሳ ልታደርስ ወረደች። ስትመለስ ቀለሙ እርስ በርሱ ተበላልቶ የእጣቢ መልክ ይዟል። ቀለም ሻጩም ከሠርጉ በፊት ለገበያ አይመለስም። እናቴ ጮኸች፣ እህቴ አለቀሰች፣ እኔም ለወግ ያህል አብሬ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ መጣችና ገበቴውን ገፋ አደረገችው።

«አብሽሪ! ቀለሙ ለዓይን ነው፤ መሶብ የሚያሰኘው ስፌቱ ነው። ባልተነከረው፣ በነጩ አክርማ ስፊው። ብቻ ወስፌሽን አታራርቂ፣ እጅሽም አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ አይበል።»

እህቴም ከንፈሯን ነክሳ ሰፋች፤ የላላባትን ዙር ያለ ርኅራኄ እየፈታች፣ እንደገና እየሰፋች፣ ጣቷ እስኪቆስል።

የሙሽራው እናት ሴቶች አስከትላ ከሮቢት መጣች። ነጩን ክዳን አየችና ፊቷ ተኮማተረ።

«ምነው፣ ቀለም የሚባል አታውቅም ልጅቷ?»

እናቴ መሬት መሬት አየች። ሴትዮዋ ግን ወጉ ነውና ክዳኑን ይዛ ግቢ ወጣች፣ ወደዚያ ወደሚያቃጥለው የራያ ፀሐይ አንስታ አንጋጠጠች፣ አዟዟረችው፣ ደግማ አየችው። የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብርሃን አላለፈችበትም።

«እሰይ! ይኸስ እጅ ነው!»

ከሁሉ ቀድማ እልልታውን ያቀለጠችው ዘይነባ ነበረች።

ዛሬ ዘይነባም ይመኙሻልም የሉም፤ መሶቡም ከገበያ ይገዛል፣ ወደ ፀሐይ የሚያነሣውም የለ። ክዳኑ ግን ለእኔ ደርሶኛል። ከግድግዳው አውርጄ የልጅ ልጄን በመስኮቱ ፊት አቆምኳትና ወደ ብርሃኑ አንስቼ እኩል እኩል የሄደውን ስፌት አሳየኋት። ትንሽ አፍጥጣ ቆይታ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች፤ አንዷን ማርከር መርጣም ቀስ ብላ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ትቀባ ጀመር።

እኔ ክዳኑን ፊቴ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ምንም ስለማያሳልፍ አላየችኝም።