የአየሁሽ አድባር

ጠላ ጠማቂዋን አየሁሽን ሞጣ ላይ የማያውቅ አልነበረም። ምላሷ አያድርስ ነው! ስንቱ ጎምላላ ከፊቷ አፉን ሰብስቦ ይቀመጥ ነበር። በአንድ ነገር ብቻ ትንፍሽ አትልም፤ በሞተች ልጇ።

ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ነበር የሞተችው። እንዲያ ያለ ሕፃን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። አየሁሽና ባሏ ጓዴ በነጠላ ጠቅልለው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ወስደው አትክልት ቦታው ውስጥ ካለችው ወይራ ሥር ቀበሯት። አትክልት ቦታውን ድሮ አንድ አገረ ገዢ ያስተከሉት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ዳዋ ውጦት ሰው ዝር አይልበትም። ፍትሐት የለ፣ አልቃሽ የለ፣ እንዲያው ዝም። ጓዴም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ነገሩን የምታውቅ እሷ ብቻ ቀረች። ከገበያ ስትመለስ ሸክሟን አውርዳ፣ የደከማት መስላ ወይራዋ ሥር ትቀመጣለች። አርጅታለች ይሏታል። ይበሏት!

ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ማዘጋጃ ቤቱ ያን ቦታ መናፈሻ ላድርገው ብሎ ተነሳ። ሥራውን የያዙት ከሐረር ተመድበው የመጡት አቶ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ መቼም ደግ ሰው ነበሩ። «እሁድ እሁድ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው አየር ይቀበሉበታል!» እያሉ ዳዋውን አስመነጠሩ፣ አግዳሚ ወንበር አስተከሉ፣ አበባ አስኮተኮቱ። ሰዉም ደስ አለው፤ ማን ይጠላል? የልጆች ዥዋዥዌ ምሰሶ የሚቆምበት ጉድጓድ ግን ወይራዋ ሥር ሊቆፈር ሆነ።

አየሁሽ ቆፋሪዎቹን ስታይ ሸክሟን ጥላ መሃላቸው ገባች። «ልጄ አለች» እንዳትል፣ ይህን ሁሉ ዘመን የደበቀችውን በምን አፏ ታውራው? ምላሷ ያመጣላትን ወረወረች።

«እንዳትነኳት! አድባር ናት! ጓዴን ማን የበላው መሰላችሁ?»

ቆፋሪዎቹ አማትበው ዶማቸውን ጣሉ። አቶ ገብረ ሕይወትም እየሳቁ፣ «እንግዲያው ዥዋዥዌውን ወዲያ ማዶ እናድርገዋ!» አሉ። ያን ቀን አየሁሽ እፎይ አለች። ልጇ ዳነችላት።

ሰው ግን፣ እናንተዬ፣ መች አርፎ ይቀመጣል! ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ የወይራዋ ግንድ በቅቤ ወዝቶ፣ ሥሯ ንፍሮ ተበትኖ ተገኘ። ልጅ ያጣች ትሳልባታለች፣ ከብት የጠፋበት ይለምናታል። አየሁሽ እያየች ምን ትበል? የራሷ አፍ ያመጣው ነው።

ቅቤው ከደብሩ አለቃ፣ ከአለቃ ወልደ ኪዳን ጆሮ ደረሰ። እሳቸው የአየሁሽም የንስሐ አባት ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «በታቦት አገር ለእንጨት ቅቤ ይቀባል? ከነሥሯ ትነቀል!» ብለው ገዘቱ። ትናንት ቅቤ ሲቀባ የነበረው ሁሉ ዛሬ መጥረቢያውን ይዞ ቀደመ።

አየሁሽ ሰምታ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ሮጣ ስትደርስ ወይራዋ ወድቃለች፤ ጉቶዋን ከነሥሩ እየፈነቀሉ ነው።

«አባቴ፣ በእመቤታችን! ይተዉልኝ!»

«ዛሬም ለጣዖት ትሟገቻለሽ?» አሉ አለቃ ተቆጥተው።

«አድባር አይደለችም፤ ዋሽቼ ነው። ልጄ ናት አባቴ። ከሥሯ ያለችው ልጄ ናት።»

ዶማዎቹ ቆሙ። አለቃ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ? ማን ይነካት ነበር?»

«ያለ ክርስትና የሞተችብኝን ምን ብዬ ልንገርዎ? ስም እንኳ የላት።»

አለቃ ጋቢያቸውን አውልቀው በእጃቸው አነጠፉላት። አየሁሽ ተንበርክካ የተገለበጠውን አፈር በጣቷ መፈተሽ ጀመረች። የአራስ ልጅ አጥንት ምን ያህል ነው? ከቀጫጭኑ የወይራ ሥር መለየት አቃታት። ያገኘችውን ሁሉ እየለቀመች ጋቢው ላይ አኖረች።