ያላነበብኩላቸው ገጾች

ባለፈው ቅዳሜ ወሎ ሰፈር፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የመጀመሪያ ልቦለዴ ሲመረቅ፣ የመጽሐፎቹ ካርቶን ተከፍቶ የአዲስ ወረቀትና የሙጫ ሽታ አወደኝ። ወዲያው የእናቴን ታላቅ ወንድም፣ ጋሼን አስታወስኩ።

ጋሼ ገርጂ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ፤ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከነሳቸው በኋላ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አንዴ እናቴ አዲስ ልቦለድ ገዝታላቸው መጣች። ጋሼ መጽሐፉን ከፍተው ረጅም ጊዜ አሸተቱትና፣ "በይ እስቲ፣ ቀስ ብለሽ" አሉኝ።

ለሁለት ሳምንት ያህል አነበብኩላቸው። አንድ ቀን ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወቱ ከደጅ ሲጠሩኝ አላስችል አለኝ። ከራሴ ፈጥሬ፣ "ልጁም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እናቱም እልል አለች። ተፈጸመ" አልኳቸው።

ጋሼ መጽሐፉን እንደተከፈተ ከእጄ ተቀብለው የቀሩትን ገጾች ውፍረት በጣታቸው ዳሰሱ።

"ደራሲው ቸኩሏል" አሉ ቀስ ብለው። "ልጅ ሳይሆን አይቀርም። በይ ሂጂ፣ ተጫወቺ።"

የነቁብኝ ስላልመሰለኝ እየዘለልኩ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አንብቢልኝ ብለውኝ አያውቁም። በዓመቱ አረፉ።

መድረኩ ላይ አወያዩ፣ "ታሪክ መፍጠር የጀመርሽው መቼ ነው?" ሲለኝ፣ "በዘጠኝ ዓመቴ" አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ማንን አታልዬ እንደጀመርኩ ግን መናገር አቃተኝ።